ተርቦውን ለደጋ፣ ክራንኩን ለቆላ
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ስለ ጭነት መኪና ሞተር እድሳት የቀረበ ንግግር







የሥራ አመራር ኮሚቴው በዚህ በዓል ላይ እንድናገር ሲጋብዘኝ የሰጠኝ ርዕስ እንደ ወትሮው ስለ ምርጥ ዘር ወይም ስለ ቁጠባ አይደለም። በግቢያችን ጥግ ሸራ ለብሳ ስለቆመችው አይሱዙ ነው። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ማዳበሪያ ከወረታ ታወጣለች፣ የቢራ ገብስ ወደ ጎንደር ታደርሳለች፣ ድንች ስትጭን ደግሞ እስከ መተማ ትዘልቃለች። አሁን ሞተሯ ወርዶ፣ ቴስታታው ተነስቶ፣ ክራንክሻፍቱ በጆንያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከመቆሟ በፊት ዘይት ትበላ ነበር፤ ከዓለም በር በላይ ያለውን ዳገት ጥቁር ጭስ እየተፋች በእግረኛ ፍጥነት ትወጣው ነበር። በመጪው ሰኔ ማዳበሪያ ሲመጣ ካልተነሳች የምንከፍለው የኪራይ መኪና ገንዘብ ከእናንተው የትርፍ ክፍፍል ላይ የሚቀነስ ነው።

ስለ እድሳቱ ሦስት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ሲሊንደሩ ይስፋና ትልቅ ፒስተን ይግባበት ይላል። ሁለተኛው ከሌላ ሞተር ረጅም ክራንክ አምጥተን እንግጠም የሚል ነው። ሦስተኛው ተርቦ ይጨመርበት ይላል። «አንዴ ሞተሩ ከወረደ አይቀር ሦስቱንም አብረን እናሠራው» ያሉም አሉ። ጠቅላላ ጉባዔው ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ነገሩ በሚገባ እንዲታይ ስለፈለግሁ፣ ቁጥር ቢበዛባችሁ በትዕግሥት እንድትሰሙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአየር ነው። ሞተር በናፍጣ ይሠራል ብለን እንናገራለን እንጂ ትልቁ ቀለቡ አየር ነው። አንድ ኪሎ ናፍጣ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ከ14 ኪሎ በላይ አየር ይፈልጋል። ያለ ጥቁር ጭስ እንዲነድ ከተፈለገማ ወደ 20 ኪሎ ማግኘት አለበት። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት 1 ባር ግድም ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚህ ግፊቱ 0.73 ባር ያህል ብቻ ነው። ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች 0.81 ይሆናል። ወደ ነፋስ መውጫ ስንወጣ ወደ 0.70 ይወርዳል፤ ወደ መተማ ቆላ ስንወርድ ደግሞ 0.93 ይጠጋል።

ይህ ማለት ከወረታ ተነስታ ወደ ደብረ ታቦር የምትወጣ መኪና ሁለት ሸክም አለባት። አንደኛው የጫነችው ማዳበሪያ ነው። ሁለተኛው በየሜትሩ እየሳሳ የሚሄደው አየር ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በፋብሪካው ወረቀት ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ቢጻፍ፣ እዚህ ከተማችን ላይ የሚሰጠው 75 ያህሉን ነው። የናፍጣ ፓምፑ ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ቆላ ላይ የሚረጨውን ያህል ደጋም ላይ ይረጫል። ያልነደደው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፣ የፒስተኑ አናት ይበላል። ጉልበት አነሰ ብሎ የፓምፑን ብሎን ከፈት የሚያደርግ ሾፌርም አይጠፋም። ይህ እንጀራ በማነሱ ቤተሰቡን ቀንሶ ሳይሆን ወጥ ጨምሮ ለማጥገብ እንደ መሞከር ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ተርቦ የተባለውን ነገር እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት ያወጣበት አልፍሬድ ቡሺ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው። ተርቦ ለከፍታ መድኃኒት መሆኑ የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ፓይክስ ፒክ ወደሚባል ተራራ አናት ወጣ። ተራራው 4,300 ሜትር ግድም ነው፤ ከእኛው ጉና የሚበልጠው በጥቂት ነው። ሞተሩ ታች ሜዳ ላይ ወደ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ተራራው ላይ ያለ ተርቦ ሲነሳ ወደ 230 ወረደ። ተርቦው ሲገጠም ወደ ቀድሞው 350 ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ሲሊንደሩን ማንም አላሰፋውም። የጠፋው አየር ነበር፤ የተመለሰውም አየር ነው።

አሁን ወደ አንደኛው ሐሳብ፣ ወደ ሲሊንደር ማስፋት ልምጣ።

የእኛ መኪና ሞተር 4ኤች-ኤፍ-1 የሚባለው ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 112 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 110 ሚሊ ሜትር ነው። በአራቱ ሲሊንደር ሲባዛ 4,334 ሲሲ ይሆናል። ወንድሙ 4ኤች-ጂ-1 ምቱ እዚያው 110 ሆኖ ስፋቱ 115 ነው፤ 4,570 ሲሲ ይደርሳል። ኮሚቴው ፊት የቀረበው ሐሳብ እንግዲህ የእኛን 112 ወደ 115 እንውሰደው የሚል ነው። ትርፉ ስንት ነው? ከመቶ አምስት ተኩል አይሞላም። ከፍታው ከመቶ ሃያ አራት ያህል ወስዶብናል፣ እኛ ደግሞ አምስት ለማስመለስ ብሎክ እንፈለፍላለን። ያችም አምስት ብትሆን የምትገኘው በዚሁ በሳሳው አየር ተሞልታ ነው።

የምንከፍለውን ደግሞ እንይ። ስፋቱ በ3 ሚሊ ሜትር ሲጨምር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ዙሪያ የግድግዳው ውፍረት በ1.5 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። በሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች መካከል ያለችው ድልድይ ከሁለቱም ወገን ስለምትበላ ሙሉ 3 ሚሊ ሜትር ታጣለች። የቴስታታው ጓርኒሲዮን የሚታተመው በዚያች ድልድይ ላይ ነው። ተርቦ ያለበት ሞተር መጀመሪያ የሚነፍሰው በዚያ በኩል ነው። ውኃ ከዘይት ተቀላቀለ፣ ራዲያተሩ ፈላ ተብሎ ወደ ጋራዥ የሚመጣ ተርቦ መኪና ስትከፍቱት ብዙውን ጊዜ የምታገኙት በሁለት ሲሊንደር መሃል የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ነው።

የግድግዳ ውፍረት ነገር ለደብረ ታቦር ሰው አዲስ መሆን አልነበረበትም። ከዚህ ብዙም በማይርቀው ጋፋት እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የአፄ ቴዎድሮስ የእጅ ባለሙያዎች 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሲያቀልጡ ያን ሁሉ ብረት ያፈሰሱት ለጌጥ አይደለም። ባሩዱ ከኋላ ሲነድ ግፊቱን የሚችለው የግድግዳው ውፍረት ስለሆነ ነው። መድፍና ሲሊንደር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ አጋማሽ የጄምስ ዋትን የእንፋሎት ሞተር ሲሊንደር አስተካክሎ የፈለፈለለት ጆን ዊልኪንሰን መጀመሪያ የመድፍ ፈልፋይ ነበር። ልዩነቱ መድፍ በቀን ጥቂት ጊዜ ሲተኮስ፣ የእኛ አይሱዙ በደቂቃ 2,000 ዙር ስትዞር እያንዳንዱ ሲሊንደሯ በደቂቃ 1,000 ጊዜ የሚተኮስ መሆኑ ነው።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ምን አደረጉ ብሎ መጠየቅም ጥሩ ነው። አይሱዙ በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ 4ኤች-ኢ-1 የሚባለውን ከነተርቦው ሲያወጣ ስፋቱን 110 አድርጎ ነው፤ ከእኛው 112 እንኳ ጠበብ ይላል። ምቱን ግን 125 አድርሶታል። የማሲ ፈርጉሰን ትራክተር የምታውቁም 390 የሚባለው ያለ ተርቦ ሲሆን ስፋቱ 101 የሆነውን የፐርኪንስ ሞተር፣ 390ቲ የሚባለው ባለ ተርቦው ደግሞ ምቱ ሳይለወጥ ስፋቱ 98.4 የሆነውን ጠባቡን ሞተር እንደያዘ ታያላችሁ። ሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች ተርቦ ሲያስቡ ወደ ጠባቡ ሄዱ። አይሱዙ 115ቱንም በተርቦ ያወጣበት ጊዜ አለ፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን ያ ብሎክ ከመጀመሪያው ለ115 ተብሎ የተቀረጸ እንጂ ቶርኖ ቤት ተወስዶ የሰፋ አይደለም።

ስለዚህ በስፋት በኩል የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። 112 እዚያው 112 ይሁን። ሞተሩ ስስ ካሚቻ ያለው ስለሆነ ያለቀው ካሚቻ ተጎትቶ ወጥቶ አዲስ ስታንዳርድ ካሚቻ ከነፒስተኑና ከነፋሻው ይግባ። ካሚቻ የሌላቸውን ሞተሮች የያዛችሁ ማኅበራት ደግሞ 0.25፣ 0.50፣ 0.75፣ 1.00 እያለ በሚሄደው ደረጃ ልኬቱ የሚያጸዳውን የመጀመሪያውን ምረጡ። ዘሎ ወደ 1.00 መሄድ ለሚቀጥለው እድሳት የሚሆነውን ብረት ዛሬ መብላት ነው። በ112 ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብትጨምሩ ትርፉ ከመቶ ሁለት አይሞላም። ሌላው ሕግ ደግሞ ፒስተኑ ሳይገዛና ሳይለካ ሲሊንደሩ አይሰፋም። ፒስተኖቹ በእጅ ገብተው፣ ቀሚሳቸው በማይክሮሜትር ተለክቶ፣ ለተርቦ የሚሆን ክፍተት ታስቦ ነው ባለ ቶርኖው መሥራት ያለበት። ተርቦ ያለበት ፒስተን ይበልጥ ስለሚሞቅ ይበልጥ ያብጣል። ለተራ ሞተር በሚሰጠው ክፍተት ከታሠረ ዳገት ላይ ይነክሳል።

አሁን ወደ ክራንኩ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ሰው ሲሊንደር ያያል፣ ተርቦ ያያል፣ ክራንክ ግን ከታች ዘይት ውስጥ ስለሚውል ማንም አያስታውሰውም። የሚሸከመው ግን እሱ ነው።

አንድ ስሌት ልስጣችሁ። ናፍጣው ሲነድ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት 100 ባር ቢደርስ፣ በ112 ሚሊ ሜትር ፒስተን አናት ላይ የሚያርፈው ኃይል ወደ 10,000 ኪሎ ነው። ይህ 100 ኩንታል ነው። ሁለት አይሱዙ ሙሉ ጭነት በአንድ ፒስተን ላይ፣ ያውም በአንዲት ቅጽበት። ፒስተኑ ለቢየላው፣ ቢየላው ለክራንኩ አንገት ያስረክባል። ስፋቱን 115 ስናደርገው ያው 100 ባር 106 ኩንታል ይሆናል። 110 ቢሆን 97 ነው። ፋብሪካው ተርቦ ሲያስብ ለምን ጠባቡን እንደመረጠ አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም፤ ግፊቱ ሲጨምር ስፋቱ ቢቀንስለት ክራንኩ ያርፋል።

ረጅም ክራንክ እናምጣ ለሚለው ሐሳብ መልሴ ይህ ነው። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። የክራንኩ ክንድ የምቱ ግማሽ ነው። ምቱ 110 ሲሆን ክንዱ 55፣ ምቱ 125 ሲሆን 62.5 ሚሊ ሜትር ነው። የጎማ ብሎን ለመፍታት ረጅም እጀታ እንደምንፈልግ ሁሉ ረጅም ክንድም በዝቅተኛ ዙር ጥሩ ጉልበት ይሰጣል። ዳገት ለሚበዛበት አገር የሚስማማው ይኸው ነው። የድሮዎቹ የወፍጮ ሞተሮች ቀስ እያሉ ትልቅ ድንጋይ የሚያዞሩት ምታቸው ረጅም፣ ቮላኗቸው ከባድ ስለሆነ ነው። ነገር ግን ክራንክ ብቻውን የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ምቱ በ15 ሚሊ ሜትር ከረዘመ ፒስተኑ ወደ ላይ 7.5፣ ወደ ታችም 7.5 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ይሄዳል። ወደ ላይ ሲሄድ ቴስታታውን ይመታል። ስለዚህ ሌላ ፒስተን፣ ሌላ ቢየላ፣ ወይም ቁመቱ የተለየ ብሎክ ይፈልጋል። 125ቱን ምት የሚፈልግ ሰው የሚገዛው ሙሉውን 4ኤች-ኢ-1 ከነተርቦውና ከነፓምፑ ነው። ክራንኩን ብቻ ከሶማሌ ተራ አምጥቶ በእኛ ብሎክ ላይ ለማስማማት መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው።

የራሳችን ክራንክስ ምን ይሁን? በጆንያ የተጠቀለለውን አውጥታችሁ በናፍጣ እጠቡት። መጀመሪያ በገመድ ተንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ ይነካ። ደህና ከሆነ እንደ ደወል ያስተጋባል፤ የተሰነጠቀ ከሆነ እንደ ተሰበረ ገንቦ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ይህ ግን የመጀመሪያ ምርመራ ብቻ ነው። ደወል የመሰለ ድምፅ ሰጥቶ ስንጥቅ ያለበት ክራንክ አለ። ስለሆነም ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ተወስዶ በቀለም ወይም በማግኔት ይታይ። ስንጥቅ የሚጀምረው ከአንገቱ መሃል አይደለም። አንገቱና ጉንጩ በሚገናኙበት፣ ክብ ሆኖ በሚታጠፈው ጥግ ላይ ነው። መርማሪው ዓይኑን እዚያ ላይ ይጣል።

ከዚያ ይለካል። እያንዳንዱ አንገት በሁለት አቅጣጫ ተለክቶ ክብነቱ ይታያል። ልኬቱ በመመሪያው ከተፈቀደው ውስጥ ከሆነ በቀላሉ ተወልውሎ በአዲስ ስታንዳርድ ብሮንዚን ይታሰር፤ የተሻለው ይህ ነው። ካለፈ ግን «ሃያ አምስት ውሰደው፣ ሃምሳ ውሰደው» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህ ክራንክ ቆዳው የጠነከረው በምን ዘዴ ነው? በኤሌክትሪክ ሙቀት የጠነከረ ከሆነ ጥንካሬው በጥቂት ሚሊ ሜትሮች ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ቢሞረድም ጥንካሬው ይቀራል። በናይትሮጅን የጠነከረ ከሆነ ግን ጠንካራው ቆዳ ከወረቀት የሳሳ ነው። 0.25 ሲሞረድ ከየጎኑ 0.125 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ ቆዳው አብሮ ይሄዳል። አንዳንድ የአይሱዙ ሞተሮች የጥገና መመሪያ እንዲህ ያለውን ክራንክ መሞረድን ጨርሶ የሚከለክለውና ለእሱ የሚሆን ወፍራም ብሮንዚን የማያቀርበው በዚህ ምክንያት ነው። ገበያ ላይ ወፍራም ብሮንዚን ተገኘ ማለት ክራንኩ ይሞረዳል ማለት አይደለም።

ብዙ ሰው አንገቱ ስለቀጠነ ነው የሚሰበረው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። 70 ሚሊ ሜትር አንገት ወደ 69.5 ቢወርድ በብረቱ ላይ የሚጨምረው ጫና ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ነው። የሚሰብረው ሌላ ነው። ሞራጁ ቶሎ ለመጨረስ ብሎ ያንን ክብ ጥግ ስል አድርጎ ሲተወው፣ ወይም የጠነከረው ቆዳ ሲጠፋ ነው። ስል ጥግ ያለበት ክራንክ ያለ ተርቦ ዓመታት ሊሠራ ይችላል። ተርቦ በገባ በወራት ውስጥ ግን ጉንጩ ላይ ይቆረጣል፤ ሲቆረጥ ደግሞ ብሎኩን ይዞ ይሄዳል።

ሌላ ክራንክ መግዛት ግድ ከሆነ የተቀጠቀጠውን ከተቀለጠው ለዩ። በጎኑ ላይ ሰፋ ያለ፣ በድንጋይ የተገፈፈ መስመር የሚታይበት በመዶሻ የተቀጠቀጠ ብረት ነው። ቀጭን የስፌት መሰል መስመር ያለው ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ለተርቦ የምንፈልገው የመጀመሪያውን ነው። አሮጌ ሲገዛም ቢየላውና ቮላኖው አብረው ሚዛን እንዲወጡ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ቤት ይህን «ትርፍ ሥራ» እያለ ይዘለዋል።

አሁን ሦስተኛው ሐሳብ ቀረ፤ ተርቦው። እኔ እደግፈዋለሁ፣ ግን በልክ።

ያለ ተርቦ የተሠራ ሞተር በባሕር ጠረፍ 1 ባር አየር እየሳበ እንዲሠራ ታስቦ የተቀረጸ ነው። ክራንኩም፣ ፒስተኑም፣ ጓርኒሲዮኑም ለዚያ ይበቃሉ። እኛ ዘንድ የሚያገኘው 0.73 ነው። ስለዚህ ተርቦው 0.3 ባር ብቻ ቢጨምርለት ሞተሩ የተወለደበትን አየር አገኘ ማለት ነው እንጂ ከአቅሙ በላይ ተጫነ ማለት አይደለም። የደጋ ሰው የተርቦ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ የጠፋብንን ለማስመለስ ክራንኩን ማስጨነቅ አያስፈልገንም።

ነገር ግን መኪናችን ደብረ ታቦር ብቻ አትውልም። ከጋሳይ የጫነችውን ድንች መተማ ታራግፋለች። የተርቦ ጌጅ የሚያሳየው በአካባቢው አየር ላይ የተጨመረውን ነው እንጂ ጠቅላላውን አይደለም። እዚህ 0.4 ቢያሳይ ጠቅላላው 1.13 ነው። መተማ ላይ ያው 0.4 ሲሆን ጠቅላላው 1.33 ነው። ሞተሩ ከተሠራበት በሲሶ ያህል በለጠ ማለት ነው፤ የነደደው ግፊትም በዚያው መጠን ይጨምራል፣ 100 የነበረው ኩንታል 130 ይሆናል። ስለዚህ ተርቦው የሚመረጠው መኪናዋ በምትወጣበት ከፍተኛ ቦታ ነው። ክራንኩና ጓርኒሲዮኑ የሚመረጡት ግን በምትወርድበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ጥሩ ሞከርናት ብሎ ማረፍ አይቻልም። ለእኛ ሞተር እንዲሆን የምመክረው 0.3 ነው፤ ከ0.4 እንዳያልፍ መቆጣጠሪያው ይታሰር። ሾፌሩ የመቆጣጠሪያውን ሽቦ እንዳይነካ በእርሳስ ይታተም።

በሌላ በኩል ተርቦው በጣም ትንሽ እንዳይሆን። በሳሳ አየር ያንኑ ግፊት ለመስጠት ተርቦ ከቆላው ይበልጥ በፍጥነት መዞር አለበት፤ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር ነው። ነፋስ መውጫ ዳገት ላይ ከአቅሙ በላይ የሚዞር ትንሽ ተርቦ ዕድሜ አይኖረውም። ሞተሩ ደግሞ የፒስተኑን ሆድ ከሥር በዘይት የሚረጭ ቀዳዳ ከሌለው ከ0.3 እንዳይበልጥ አጥብቄ እመክራለሁ።

የመጭመቅ መጠኑን ዝቅ ለማድረግ ወፍራም ጓርኒሲዮን ይግባ የሚሉ መካኒኮች አሉ። ቆላ ላይ ላለ፣ ብዙ ግፊት ለሚሰጥ ሞተር ልክ ናቸው። እኛ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በጉና ሥር ውርጭ ያለበት አገር ነው ያለነው። ማለዳ ሞተር ሲነሳ ተርቦው ገና አልነቃም፤ ሲሊንደሩ የሚጨምቀው 0.73ቱን አየር ብቻ ነው። ያንን ላይ መጭመቁን ብንቀንስበት ሰው እየገፋ የሚያስነሳት መኪና ትሆናለች። በ0.3 ግፊት ፋብሪካው የሰጠውን መጠን አትንኩ።

ስለ ናፍጣ ፓምፑ አንድ ነገር ብቻ፤ ተርቦው ከገባ በኋላ ፓምፑ መሞከሪያ ላይ ወጥቶ ይስተካከል። ከተርቦው በፊት ባለው የጭስ መውጫ ላይ የሙቀት መለኪያ ቢገባ ዋጋው ብዙ አይደለም፤ በረጅም ዳገት 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ሾፌሩ ያየዋል። ከተቃረበ ማርሽ ይቀንሳል።

የሥራ ኃላፊዎቻችን እዚህ ስላላችሁ የጨረታውን ነገር ላንሳ። የሞተር እድሳት በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ የሚሰጥበት አሠራር አለ። ሰነዱ ላይ «የሞተር እድሳት፣ 1» ተብሎ ይጻፋል። አንዱ ተጫራች ክራንኩን በማግኔት መርምሮ ሊሠራ አስቦ ዋጋ ይሰጣል። ሌላው በሸራ ወልውሎ ሊመልሰው አስቦ ይሰጣል። ሁለተኛው ሁልጊዜ ያሸንፋል። በሕጉ ላይ ጥፋት የለም፤ ሰነዱ ላይ መጻፍ ያለበት ስላልተጻፈ ነው። ሰነዱ የአራቱን ሲሊንደር ልኬት በሦስት ከፍታና በሁለት አቅጣጫ፣ የክራንኩን አንገቶች ሁሉ ልኬት ከሥራው በፊትና በኋላ፣ የስንጥቅ ምርመራውን ውጤት፣ የጥጎቹን ክብነት፣ የብሮንዚኑን ክፍተት በጽሑፍ እንዲቀርብ ይጠይቅ። የወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ ለዩኒየኑ ይመለስ። እንዲህ ሲጻፍ ሁለቱ ተጫራቾች ስለ አንድ ሥራ ዋጋ ሰጡ ማለት ነው፤ ያኔ ዝቅተኛውን መምረጥ ይቻላል።

ወንፊቷን የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። ይህች ሞተር ያለቀችው በአየር ማጣሪያው ጎን በገባ አቧራ ነው፤ ካሚቻዎቹ ከላይ በኩል እንደ ቀንድ ሰፍተው ጠባቡ ወደ ታች መሆኑ ይህንኑ ይመሰክራል። ወደ ገጠር ቀበሌዎች የምትገባ መኪና የማጣሪያው ጎማ ካልገጠመ ተርቦው አቧራውን እየጎተተ ያስገባል፤ የመጀመሪያው ተጎጂም የራሱ የተርቦው ክንፍ ነው።

ጊዜው እንዴት ይሁን? ክራንኩ በዚህ ሳምንት ለምርመራ ቢላክ ውጤቱ ከመጣ በኋላ ካሚቻ፣ ፒስተንና ብሮንዚን በልኬቱ መሠረት ይገዛሉ። ከምርመራው በፊት ምንም ዕቃ እንዳይገዛ፤ ክራንኩ የማይሆን ሆኖ ከተገኘ ሙሉ ሞተር መግዛት የሚሻልበት ሒሳብ ሊመጣ ይችላልና። ሞተሩ ከታሠረ በኋላ የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር በግማሽ ጭነት፣ በወረታና በባሕር ዳር ሜዳ ትሥራ። ዘይቱ ይለወጥ፣ የቴስታታው ብሎኖች በመመሪያው መሠረት ይታዩ። ሾፌሩም ዳገት ወጥቶ እንደቆመ ሞተሩን ወዲያው እንዳያጠፋ፣ ተርቦው በዘይት እስኪቀዘቅዝ ሦስት ደቂቃ ያህል በዝግታ ይተወው። ከዚያ በኋላ ሙሉ ጭነት ይዛ የዓለም በርን ዳገት ትሞከር። መተማ የምትላከው ግን ይህ ሙከራ አልፎ፣ ጌጁ ከ0.4 አለማለፉ ታይቶ ነው።